ሳሮ፣ የእግዜር ሰላምታ

ላይፕዚግ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለጥሩነሽ ሳሮ

አክስቴ፣ የዳሞታ ተራራ ደመናውን አውልቆ፣ ጉልበትዎ ቁርጥማቱን ረስቶ፣ እርስዎም ከጎረቤት ሳይጣሉ ይህ ደብዳቤ ይድረስዎ። እኔና ቤቴል ጌታ ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱም ደኅና ነው፤ እንዲያውም ከእኛ ይበልጥ እሱ ተመችቶታል።

በስልክ «አንቺ» እያልኩ ስቀልድብዎ ከርሜ በወረቀት «እርስዎ» ማለቴ እንዳይገርምዎ። ስድስተኛ ክፍል ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን «ለአክስትህም ብትጽፍ እርስዎ ነው» ብለው ማርክ የቀነሱብኝ ራስዎ ነዎት። እስካሁን ይቆጨኛል። ድምፅ ቀርጬ እንዳልልክ ደግሞ «ቁም ነገር በጽሑፍ ነው» ይላሉ። እንግዲህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬያለሁ። መነጽርዎን ያድርጉ።

ቁም ነገሩ ይኸውልዎ፦ ቤቴል አርግዛለች። ወንድ ነው ብለውናል፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይወለዳል። እባክዎ እልል ሲሉ ጎረቤት እንዳይደነግጥ። አምሮቷ ደግሞ ዳጣ ነው። የላይፕዚግን ቃሪያ ሁሉ ፈጭቼ አቀረብኩላት፤ «ይሄ ቀለሙ ብቻ ነው» አለችኝ። የሚመጣ ሰው ከተገኘ አንድ ብልቃጥ ይላኩልን።

አንድ ጥያቄም አለኝ። እዚህ አገር እንደ እኛ የአባት ስም ከልጅ ስም ጋር አይቀየርም። የቤተሰብ ስም ነው ያለው፤ አንዴ ከተመዘገበ እስከ ልጅ ልጅ ይሄዳል። እኔ በወረቀቴ ቤኒ ቶማ ሳሮ ስለሆንኩ በሥራ ቦታዬ የምጠራው ሳሮ ተብዬ ነው። የምነዳው ትራም ላይ ስቀመጥ ደረቴ ላይ «ሳሮ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጀርመኖቹ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ «በወላይትኛ ሠላም ማለት ነው፣ ሰው ሲገናኝ የሚባባለው» እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ባለፈው ግን አንድ የአገራችን ሰው፣ ከቤሌ የመጣ ወላይታ፣ ተሳፈረና ደረቴን አንብቦ በሳቅ ሞተ። «ምነው ወንድሜ፣ ሠላምታህን ለጥፈህ ነው እንዴ የምትዞረው?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሆድ ባሰኝ።

የቤታችንን ታሪክ ያውቁታል። አያቴ ከጉኑኖ ግብር ሊከፍል ሶዶ መጣ፣ ጸሐፊው በአማርኛ ስሙን ጠየቀው፣ አማርኛ ስለማያውቅ ሠላም የተባለ መስሎት «ሳሮ» አለ፣ ጸሐፊውም ስሙ መስሎት ጻፈ። እኔም በትምህርት ቤት በዚህ ሲሳቅብኝ ነው ያደግሁት። አሁን ለልጄ የጸሐፊ ስህተት ማውረስ ከበደኝ። የአያቴ እውነተኛ ስም ማን ነበር? አባቴን ሳልጠይቀው አመለጠኝ። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አክባሪ ልጅዎ
ቤኒ ቶማ


ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤኒ ቶማ

የወንድሜን የቶማን ቤት ያልዘጋ አምላክ ስሙ ይባረክ። እልልታዬን በተመለከተ ጎረቤት ደንግጧል፤ ሁለቱ «ማን ሞተ?» ብለው መጥተው ነበር። ቤቴልን አቅፈህ ሳምልኝ። ዳጣውን ራሴ እፈጫለሁ፣ የገበያውን አላምነውም።

መጀመሪያ እርማት። «ሠላምታ» ብለህ በንጉሡ ሠ ጽፈሃል። ሰላምታ በእሳቱ ሰ ነው። ጀርመን አገር የሚነዳ ሰው ይህን ካልተጠነቀቀ ትራሙን ወዴት እንደሚወስደው እንጃ።

ስለ ስሙ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት አማርኛ ሳስተምር በክፍሌ ውስጥ ስንት ሰላም እንደነበሩ አላስታውስም። ሰላም የምትባል ልጅ፣ ሰላማዊት የምትባል ልጅ፣ አንድ ሰላሙ የሚባል የማይታዘዝ ልጅ። ማንም ስቆባቸው አያውቅም፤ «እንዴት ያለ ጥሩ ስም ነው» ይባልላቸዋል። ያው ቃል በወላይትኛ ሲሆን ነው የሚያስቀው? ያ የቤሌ ሰውዬ ይህን ይመልስልኝ።

በአማርኛ «የእግዜር ሰላምታ» የሚባል አነጋገር አለ፣ አስተምሬሃለሁ። «እገሌ እኮ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈገኝ» ይላል ሰው፣ በጣም ሲከፋው። ልጆቹ «ለምን የእግዜር ተባለ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የሰው ንብረት ቢሆን ኖሮ ለወደዱት እየሰጡ የጠሉትን ይከለክሉበት ነበር፣ የእግዜር ነውና ለማንም አይከለከልም እላቸው ነበር። መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፣ የራሴ ነው። ግን አምንበታለሁ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። እናቱ ያወጣችለት ስም ጩማ ነው። ጉኑኖ ያሉት ዘመዶቻችን ዛሬም «የጩማ ልጆች» ነው የሚሉን። የጩማን ትርጉም ሁለት ሽማግሌ ጠይቄ ሦስት መልስ አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ አልነግርህም። አባታችን ራሱ ስለ ስሙ ሲጠየቅ ይስቅ ነበር እንጂ አንድም ቀን አስረድቶን አያውቅም። እኛ ልጆቹ ሳቁን እፍረት አድርገን ወሰድነውና መጠየቁን ተውን።

እዚህ እንግዲህ በሳሮ የምጠራ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ያው እኔም የሚወርሰኝ ልጅ የለኝም። ይህን እንዲያው ለጨዋታ ነው የጻፍኩት። ምርጫው ያንተና የቤቴል ነው።

አክስትህ
ጥሩነሽ ሳሮ

በፎቶው ጥግ ያለው አውራ ጣቴ ነው፣ አትገረም።


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ ለጥሩነሽ ሳሮ

የጻፉልኝ እጆችዎ ይባረኩ፣ አውራ ጣትዎም ጭምር። ቤቴል ደኅና ናት፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል።

ጩማ! ስሙን እንዳነበብኩ ጮክ ብዬ ጠራሁት። አያቴን በፎቶ እንኳ አይቼው አላውቅም፣ በዚያች ደቂቃ ግን ያገኘሁት መሰለኝ። ከቤቴል ጋር ተነጋግረን ወስነናል፦ የቤተሰባችን ስም ጩማ ይሁን። ልጁም፣ ልጅ ከወለደም ልጁ፣ ጩማ ይባላሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ይብቃ።

ለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ ወረቀት ነው። «ሳሮ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ትክክለኛ ስሙ ጩማ ነው፣ ሳሮ የተባለው በጸሐፊ ስህተት ነው» የሚል፣ በሁለት ምስክር የተረጋገጠ። እዚያ ላለው ቢሮ ይህ ከባድ አይመስለኝም። አንዱ ምስክር ከጉኑኖ ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ የዚያን ጊዜውን የሚያውቅ የሶዶ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ከእርስዎ በቀር ይህን የሚያስጨርስልኝ ሰው የለኝም፣ ከልጁ መወለድ በፊት ቢደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይቀርልናል።

አክባሪ ልጅዎ
ቤኒ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ

እንደምን ከርመዋል? የላክሁት ደብዳቤ እንደታየ ቴሌግራሙ ይነግረኛል፤ መልስዎ ግን ውሃ በላው። ስደውል «ደኅና ነኝ፣ መብራት የለም» ብለው ይዘጋሉ። መብራት ከስልክ ወሬ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

አስቀየምኩዎት እንዴ? ከሆነ ይንገሩኝ፤ እርስዎ የተቀየሙበት ቀን አያምርልኝም። ወረቀቱ አስቸግሮም ከሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ቤኒ


ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለቤኒ ቶማ

ሰላምታዬ ይድረስህ። እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። ለቤቴልም ጤናውን ይስጥልኝ።

አልተቀየምኩም። ጉዳይህን ይዤያለሁ። ቢሮ ስሄድ «ነገ»፣ ነገ ስሄድ «የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ነው»፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ሰነበተ። በመጨረሻ ቃሉ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ነገሩኝ። «በስህተት ሳሮ ተብሎ» የሚለውን አማርኛ ያረቀቅሁት ራሴ ነኝ፤ የእነሱ ፊደል ግድፈት ነበረበት።

ጉኑኖም ሄጄ ነበር። አባቴን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ለመመስከር ፈቅደዋል፤ ጆሯቸው እንጂ ልባቸው አልደከመም። ከጓሯቸው ቦይና ቆፍረው፣ ቀቅለው አበሉኝ። «አባትሽ ደግ ነበረች፣ ሰው ሳትሰላም አታልፍም ነበር» አሉኝ። አባቴን በሴት አንቀጽ ሲጠሩት አስተማሪነቴ ምላሴን በላኝ፤ ግን አላረምኳቸውም። ደግ መሆኑ ይበቃኛል።

የቀረው የሶዶው ምስክር ነው። የጸሐፊው የተክለጻድቅ ልጅ ጋሽ ጉልላት እዚሁ እኛ ሰፈር ታች አሉ፤ አባታቸው ነው ያንን ስም የጻፈው። ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሄደዋል፣ ሲመለሱ አነጋግራቸዋለሁ።

ከጉኑኖ ስመለስ በአባትህ መቃብር በኩል አለፍኩ። ሣሩን ነቅያለሁ። ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዝናቡ ስላደበዘዘው «ቶማ ሳሮ» የሚለውን በቀለም ደግሜበታለሁ። ይኸው ነው ወሬዬ።

ጥሩነሽ ሳሮ


ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቤኒ፣ ልጄ ቤቴል

ወልዳችሁ ለመሳም አበቃችሁ፣ ክብር ለእርሱ ይሁን። በስልክ ያሰማችሁኝ ልቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምን የመሰለ ድምፅ ነው! የአባታችን ድምፅ ነው። ገበያ ማዶ ያለውን ሰው ሰላም ሲል ሰፈሩ ሁሉ የሚመልስለት ድምፅ ነበረው።

ጋሽ ጉልላት ተመለሱ። ረቂቁን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወረቀቱን መለሱልኝ።

«እመት ጥሩነሽ፣ እኔ በስተርጅናዬ የሐሰት ምስክር አልሆንም» አሉኝ።

«ምኑ ነው ሐሰቱ? ስሙ ጩማ አልነበረም?»

«ጩማ ነበር። ‹በስህተት› የሚለው ነው ሐሰቱ። አባቴ አልተሳሳተም።»

ቤኒ፣ ሰውየው የነገሩኝን እንደነገሩኝ እጽፍልሃለሁ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ተክለጻድቅ አባቱ ከሰሜን ቢመጣም እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሶዶ ነው። ወላይትኛን ከገበያ ልጆች ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ነው የተማረው። ሳሮ ሰላምታ መሆኑን ሊስት አይችልም። ያን ቀን ግን ግብር ከፋዩ ተሰልፏል፣ እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ስም!» ይላል፣ ይጽፋል፣ «ስም!» ይላል። የአባታችን ተራ ደረሰ። «ስም!» አለው። አባታችን «ሳሮ» አለ። ሰላም ማለቱ ነው። «ስም ነው የጠየቅሁህ!» «ሳሮ።» ዘበኛው ገፋ አደረገው። አሁንም «ሳሮ።»

ተክለጻድቅ ተናድዶ በወላይትኛ «ስምህን አታውቅም እንዴ?» አለው። አባታችንም ቀስ ብሎ «ስሜን አውቃለሁ። ሰላም ብዬህ አልመለስክልኝም። ሰላምታዬ ሳይመለስልኝ ስሜን ለማን ልስጥ?» አለው።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ተክለጻድቅ ወጣት ነው፣ በሰው ፊት ነው፣ ሹመቱም አዲስ ነው፤ መለሰለት ማለት ተሸነፈ ማለት መሰለው። «እንግዲያው ስምህ ሳሮ ነው፣ ዕድሜ ልክህን ሳሮ ተብለህ ቅር!» ብሎ ጻፈበት። መቅጣቱ ነበር።

በዓመቱ የግብር ጊዜ ደረሰ። ያኔ ደግሞ ጸሐፊው በር ላይ ቆሞ እየጮኸ ነው ስም የሚጠራው። ሲጠራ ሲጠራ ደረሰና «ሳሮ!» አለ። አባታችን ከግቢው ጫፍ በዚያ ድምፁ «ሳሮ!» ብሎ መለሰለት። ግቢ ያለው ሕዝብም ሰላም የተባለ መስሎት ባንድ አፍ «ሳሮ!» አለ። ተክለጻድቅ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ገባው። በገዛ እጁ ጽፎ በገዛ አፉ ሰላም አለ፣ ያውም ለመላው ሰው። ሳቁ አመለጠው።

«አባቴ ይህን ሲያወራልን እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር» አሉኝ ጋሽ ጉልላት። «‹ያ ሰውዬ የነፈግኩትን የእግዜር ሰላምታ በየዓመቱ አስከፈለኝ› ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀና ሳይልና ሳይሰላም የማንንም ስም አልጠየቀም። አንድ ቀን ‹ና ስምህን ላስተካክልልህ፣ ጩማ ብዬ ልጻፍህ› ቢለው አባትሽ ‹ሰላምታዬን ልትወስድብኝ ነው?› ብሎ እንቢ አለው። ጓደኛሞች ሆነው ነው የሞቱት።»

አለቀስኩ፣ ቤኒ። በሰው ቤት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ለካ አባታችን ይስቅ የነበረው ደስ ብሎት ነው። እኛ አፍረን መጠየቅ ስንተው እሱ ደግሞ እስክንጠይቀው ይጠብቀን ነበር መሰለኝ።

አሁን እውነቱን ልናገር። በመጋቢት የጻፍክልኝን ሳነብ ተቀይሜ ነበር። ካንተ ይልቅ በራሴ ተቀየምኩ፤ «ለጨዋታ ነው» ብዬ የጻፍኩት ጨዋታ አልነበረም። ስሙ ዲፕሎማዬ ላይ አለ፣ የወንድሜ መቃብር ላይ አለ። ከእኔ ጋር አፈር እንዲገባ አልፈልግም። ሌላ ምስክር መፈለግ እችላለሁ፣ ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ቢሆንም ልጁ የእናንተ ነው። ጩማ ብትሉት አባቴ ነው፣ ሳሮ ብትሉትም አባቴ ነው፣ በሁለቱም እመርቀዋለሁ።

የምትወዳችሁ
ጥሩነሽ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ጥሩዬ

ዛሬ ማርክ ቀንሺብኝ፣ እርስዎ ማለት አልሆነልኝም።

ደብዳቤሽ ኔትወርክ አቆይቶት የደረሰኝ ትናንት ጠዋት መዝገብ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ነው። የሄድነው ወረቀቱ እስኪመጣ የልጁን ስም ማስመዝገቢያ ቀን እንዲያራዝሙልን ልንለምን ነበር። ልጁ ቤቴል ላይ ተኝቷል፤ እኔ አንዳንድ ቃል እየዘለልኩ ለቤቴል አነብላታለሁ፣ እሷ «አትዝለል» ትለኛለች። ተክለጻድቅ በር ላይ ቆሞ የሚጠራበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። በሩ ተከፈተና አንዲት ፊቷ የማይፈታ ሴትዮ ወረቀቷን እያየች፣ ቀና ሳትል፣ «ሄር ሳሮ!» አለች፤ «አቶ ሳሮ» ማለቷ ነው።

እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ብድግ ብዬ በሙሉ ድምፄ «ሳሮ!» አልኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ልጁ ነቃ። ቤቴል ቆነጠጠችኝ። ሴትዮዋ ቀና አለች፣ አክስቴ፣ ቀና አለች!

«ምን አሉኝ?» አለችኝ። «በእኛ ቋንቋ ሰላም አሉኝ፣ መለስኩልዎ» አልኳት። «እኔ ስምዎን ነው የጠራሁት።» «አዎ፣ አያቴንም እንዲሁ ነበር የሚጠሩት» አልኳትና እንባዬ መጣ። ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ ታሪኩን ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝ።

በመጨረሻ «እንግዲህ የቤተሰቡ ስም ማን ይሁን?» አለች። «ሳሮ» አልኩ፣ አሁን ስሙን ማለቴ ነበር። «የልጁስ?» ስትል እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ቤቴል ተናገረች። ያሰብነው ሌላ ስም ነበር፣ ታውቂዋለሽ። እሷ ግን «ጩማ» አለች። ወደ እኔ ዞራ «ሁለቱም ስሙ ይመለስለት እንጂ። እናቱ ያወጣችለት ከፊት፣ ራሱ ያመጣው ከኋላ» አለችኝ።

ስለዚህ ልጅሽ ጩማ ሳሮ ይባላል። ስንወጣ ሴትዮዋ በሩን ይዛልን «ሳሮ» አለች፣ ስሜን ትጥራ ሰላም ትበለኝ አላወቅሁም። ሁለቱንም ቆጥሬ መለስኩላት።

ያን የቤሌ ሰውዬ ደግሞ ቢሳፈርልኝ ብዬ ትራሜ ላይ በየፌርማታው እያየሁ ነው የምነዳው። ሰላምታን በእሳቱ ሰ መጻፌን አይተሻል? ለጋሽ ጉልላት እግራቸውን ሳሚልኝ፣ ወረቀቱንም ቅደጂው።

ያንቺው
ቤኒ ሳሮ


ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከዳጣው ጋር፣ ወደ ጀርመን በሚሄድ ሰው እጅ

ለልጅ ጩማ ሳሮ

ዕድሜህ እንደ ስምህ ሰላም ይሁን። ይህ ወረቀት የመጀመሪያ ደብዳቤህ ነውና ፎቶ አላነሳሁትም፤ ራሱን በእጅህ ያዘው። ብትበላውም አልቆጣም። ብልቃጡን ግን ለእናትህ ተውላት።

እዚያ አገር ብዙ ሰው ይጠራሃል፤ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ አለቃ። ሲጠሩህ ምን እንደሚሉህ እነሱ አያውቁም፣ አንተ ታውቃለህ። አንገትህን ቀና አድርገህ መልስላቸው። አባትህ የፊደል ነገር ቢያስቸግረው አርመው።

ከሁሉም ቀድሜ የምጠራህ ግን እኔ ልሁን፦ ሳሮ!

አፍ እስክትፈታ መልስህን እጠብቃለሁ።

አያትህ
ጥሩነሽ ሳሮ